ለእንግዳ የተፈላ ሻይ

የምሥራች! ተጠራች! ዛሬ በማለዳ፣ የሮቤ ባጃጆች እንኳ ከብርዱ ሳይላቀቁ፣ ሰው በሯ ድረስ ሄዶ፣ አንኳክቶ ጠራት። ምሥር ብዪ በሉኝ እንጂ፤ ምን ዝም ትላላችሁ! እሷም አላንገራገረች፣ አልተኮራች፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ጠሪዋን ከኋላ አስከትላ ወጣች።

የተጠራችው አደ ቀመር ናት፣ ወይዘሮ ቀመር ማለት ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ የምትኖረው፣ የሟቹ ሾፌር የዓብዱልፈታሕ ሚስት። የጠራት ደግሞ የባሏ ወንድም ነው፤ ሐጂ መሀመድአወል፣ የጊኒሩ የከብት ነጋዴ። አዎ፣ ያው ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ በተነሳ ቁጥር ፊቱን ሲያዞር የነበረው ሰውዬ! እዚሁ ሮቤ የተዳረችው ልጁ ኢብቲሳም፣ እሱም ቤቷ አድሮ ሳለ፣ ሌሊቱን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። የአራስ ገንፎዋን፣ ባሌዎች ማርቃ የምንለውን፣ “ከቀመር በቀር ማንም እጁን እንዳያስገባበት” ብሎ ነው የመጣው።

ይህን ወሬ ስትሰማ ግን ሥራዋን ጥላ የሮጠች ሌላ ሴት አለች፤ ዶክተር ዙሀይራ፣ የቀመር የወንድም ልጅ። ማማሰያውን ከቀመር እጅ ያስነጠቀችው እሷ ነበረችና። እንግዲህ ነገሩን ከእሷ ልጀምር።

ዙሀይራ መርፌ የምትወጋ፣ ሆድ የምትቀድ ሐኪም አይደለችም። ሰው “ዶክተር” ሲሏት ሰምቶ የሚያመውን ጉልበቱን ሊያሳያት ሱሪውን መጠቅለል ይጀምራል፤ እሷም እየሳቀች ታስቆመዋለች። የእሷ ሥራ መጠየቅ ነው። ይኼኛውን ካንሰር ሲይዘው ጎረቤቱን ለምን ተወው? ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ በምን ጭስ ውስጥ አደረ፣ ምን አጨሰ፣ ምን ቃመ? ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፣ ትለካለች፣ ታነጻጽራለች።

እዚህ ሥራ ውስጥ ያስገባት የዓብዱልፈታሕ ሞት ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አዳዳ የምትላት አክስቷ ቀመርና እሱ ናቸው። የሮቤን ስንዴ በኢሱዙ ወደ ሻሸመኔ የሚያመላልስ፣ ሳቁ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሰማ ሰው ነበር። እሷ ጤና መኮንን ሆና ጎሮ እየሠራች ሳለ አንድ ቅዳሜ ቤት ስትመጣ፣ “ዳቦ ደረቴ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ” አላት። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠችው። ሌላ ጊዜ መጣች፤ “አሁን ደግሞ ሾርባ ብቻ ነው የሚወርድልኝ” አላት። መድኃኒቱን ቀየረችለት። ወተት መመለስ ሲጀምር ነው ደንግጣ ይዛው ወደ አዲስ አበባ የሮጠችው። የምግብ ቧንቧው በካንሰር ተዘግቶ ነበር። እሱማ እስከ መጨረሻው፣ “የኔ ዶክተር ናት፣ እሷ ባትኖር እዚህም አልደርስም” እያለ ለአልጋ ጎረቤቶቹ ሲያወራላት ነበር። እሷ ግን ፊቱን ማየት አቃታት።

ከቀብሩ በኋላ ትምህርቷን ተያያዘችው። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ። ቤት ልትሠራ፣ ልታገባ፣ ሁሉንም ወደ ነገ እያለች፣ ምሳዋን ኮምፒውተር ላይ እየበላች ስድስት ሰባት ዓመት ገፋች። “ለምን ይህን መረጥሽ?” ሲሏት፣ “የሀገሬ ሰው በሽታ ስለሆነ ነው” ትላለች። ልክ ነው። ነገር ግን ያልሰማችውን አንድ ሰው መልሳ ልትሰማው እየሞከረች እንደነበር ራሷ ታውቀዋለች።

ከዚያ ወደ ሮቤ ተመለሰችና ጥናቷን ጀመረች። አብሯት የሚዞረው ዲማ የሚባል የጎባ ልጅ ነው፤ መጠይቅ ሞልቶ የማይደክመው፣ ቀልዱ የማያልቅ። ወደ አንድ ሕመምተኛ ቤት ይሄዳሉ፤ ቀጥለው ሕመሙ የሌለበትን ጎረቤት ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሲያልቅ ለባለቤቲቱ፣ “እስቲ ሻይ ስትጠጡ በምትቀዱበት ዓይነት ቅጂልን” ይሏታል። ብርጭቆው ውስጥ ቴርሞሜትር ይነከራል። ማርቃ ካለም እንደዚያው።

“ዶክተር፣” ይል ነበር ዲማ ምላሱን አውጥቶ እያራገበ፣ “እኔ ስሞት መቃብሬ ላይ ‘ምላሱን ለሳይንስ የሰጠ’ ተብሎ ይጻፍልኝ።”

“ጠጣ አላልኩህም፤ ለካ ነው ያልኩህ።”

“ለክቼ ብመልሰው እኮ ሴትዮዋ ትቀየመኛለች!”

ይህን ሲላት ስቃ አለፈች። ቆም ብላ አስባው ቢሆን ኖሮ!

ውጤቱ ጥርት ብሎ ወጣ። የሕመምተኞቹ ቤት ሻይና ማርቃ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ እጅግ ትኩስ ነው። በሌላ ሀገር የተሠሩ ጥናቶችም በጣም የሚያቃጥል ነገር አዘውትሮ መጠጣት ለዚህ በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል ስለሚሉ ነገሩ ገጠመላት። ጽሑፏ ታተመ፤ ተጨበጨበላት። የአካባቢው ሬዲዮ ጠራትና በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳች። እዚያ ላይ፣ ሌሊቱን ስታሰላስለው ያደረችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ “የሚገድለን ከገዛ ምድጃችን ነው የሚወጣው!” አለች። በዚያች ቃል ምን ያህል ተደሰተች መሰላችሁ! ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲደግማት ሰምታ፣ መስኮት መስኮቱን እያየች ፈገግ አለች።

ቃሏ ጊኒር ደረሰች። ሐጂ መሀመድአወል ሰማ። ለሟቹ ወንድሙ በየዓመቱ በሚወጣው ሰደቃ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ቀመር ሳህን ይዛ ስትገባ፣ በሰው ፊት እንዲህ አላት፦

“አስቀምጪው። ወንድሜን በማርቃ ለብልበሽ ነው የገደልሽው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ያሳደግሻት ልጅ ናት በሬዲዮ የተናገረችው።”

በማግስቱ ቀመር ባጃጅ ይዛ ዙሀይራ እስከምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ድረስ መጣች። ቢሮ ገብታ አታውቅም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ኢንታላ ኮ፣” አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ዓብዱልፈታሕን የገደልኩት እኔ ነኝ?”

ዙሀይራ ያን ጊዜ ተነስታ ማቀፍ ነበረባት። “አዳዳ፣ ምን ነካሽ! ስለ አንድ ሰው እንዲህ ነው ብሎ መናገር የሚችል ማንም የለም” ማለት ነበረባት፤ እውነቱም ይኸው ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ የታተመው ጽሑፏ ተዘርግቷል፤ በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ባልደረቦቿ ይመላለሳሉ። ወደ ክፍቱ በር አየት አድርጋ፣

“አዳዳ፣ ጥናቱ የሚያሳየው በጣም ትኩስ ነገር ተጋላጭነትን እንደሚጨምር ነው” አለቻት።

“እሺ” አለች ቀመር። ሻሿን አስተካክላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቀመር ምድጃዋን ተወችው። ዳቦ ከሱቅ፣ ወተት ከጎረቤት። የዒድ ለት ዙሀይራ ልትጠይቃት ስትሄድ ሻይ ቀርቦላት ነበር። ብርጭቆውን ስታነሳው ውኃ ሆኗል።

“እንዳልገድልሽ ብዬ አቀዘቀዝኩት” አለቻት ቀመር። አሽሙር አልነበረም። እውነቷን ነው። ዙሀይራ ሻዩን እስከ ታች ጨለጠችው፤ ወጥታም መንገድ ላይ አለቀሰች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ጥናቷ ልክ ነው ብላ ታምን ነበር። “እውነት መራራ ነው፤ ብዙ ሰው ይድንበታል” እያለች ራሷን ታጽናናለች። ይህቺንም መጽናኛዋን የቀማት አንድ የተረሳ ሻርፕ ነው።

ለሌላ ዙር ጥናት ጎሮ አጠገብ ወዳለች አንዲት መንደር ከዲማ ጋር ሄዱ። አባወራው መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛ ነው። ሚስቲቱ እንደተለመደው ሻይ ቀዳች፤ ቴርሞሜትሩ ተነከረ፤ የሚያቃጥል ነው። አመስግነው ወጡ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ዙሀይራ ሻርፗን መርሳቷ ትዝ አላትና ብቻዋን ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባ ስትል ቤተሰቡ ሻይ ይዟል። ብርጭቆዎቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። አንዷ ልጅ ሻይዋን ከኩባያ ወደ ኩባያ እየገለበጠች ታበርዳለች።

“መቼ ነው የምትጠጡት?” አለች ዙሀይራ፤ ሻርፑን ረስታዋለች።

“ሲበርድልን ነዋ፣ ልጄ!”

“አሁን እኛ የለካነውስ?”

ሴትዮዋ ሳቀች። “ያማ የእንግዳ ነው! ሐኪም ቤታችን ድረስ መጥቶ ለብ ያለ ነገር ልናቀርብ ነው? አላህ ይጠብቀን! ሂዱልን ማለት እኮ ነው። እሳቱ ላይ እየተንተከተከ ሳለ ነው የቀዳሁላችሁ።”

ዙሀይራ የበሩን መቃን ተደገፈች። ነገሩ አንድ በአንድ እየተገጣጠመ መጣባት። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሲገቡ ሐኪም መጣልን ተብሎ እሳት ይቆሰቆሳል። ለጎረቤቱ ግን አላፊ አግዳሚ ናቸው፤ ከፔርሙዝ የተረፈ፣ የበረደ ይቀዳላቸዋል። ስትለካ የከረመችው ሰው በየቀኑ የሚጠጣውን ሙቀት አልነበረም። ክብሯን ነበር ስትለካ የከረመችው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህን የማታውቅ የውጭ ሀገር ሰው አለመሆኗ ነው። በልጅነቷ እንግዳ ሲመጣ ቀመር ብርጭቆውን በእጇ አስይዛ፣ “ሩጪ፣ ሳይበርድ!” ትላት ነበር። ጣቶቿ እየተቃጠሉ ከማድ ቤት እስከ ሳሎን ሮጣለች። ቤተሰቡ ግን ዳር ላይ አስቀምጦ አቀዝቅዞ ነበር የሚጠጣው፤ ዓብዱልፈታሕም ጭምር። ብዙ ተምራ ስትመጣ በገዛ ሀገሯ እንግዳ ሆና እንደምትታይ አልታሰባትም።

“ዶክተር፣ ጅብ አየሽ እንዴ?” አላት ዲማ መኪናው ጋ ስትመለስ።

“ራሴን ነው ያየሁት” አለችው።

ነገሩን ለጥናት ክፍሉ ኃላፊ ለዶክተር ክብሩ ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጥሞና ሰማት።

“ለመጽሔቱ ማረሚያ ጻፊ” አላት። “ሳይንሱ በዚያ ይስተካከላል። ሬዲዮውን ግን ተይው።”

“የሰማው ሰው እኮ በሬዲዮ ነው የሰማው። መጽሔቱን አንድም የባሌ ሰው አላነበበውም።”

“ገብቶኛል። ግን ነገ ‘ሲጋራ አታጭሱ’ ስንል ማን ያምነናል? ‘ባለፈውም ተሳስታችኋል’ ነው የሚሉን። አንዲት አክስትሽን ብለሽ ብዙ ሰው ታሳምሚያለሽ።”

ይህ ደግሞ ባዶ ክርክር አልነበረም። ዙሀይራም ስትፈራ የነበረችው እሱኑ ነው። ማረሚያውን ለመጽሔቱ ጻፈች፤ ሬዲዮውን ግን ዛሬ ነገ እያለች ክረምቱን አሳለፈችው። ዳቦ ስትበላ ዳቦው ደረቷ ላይ ይቆም ጀመር፤ ሕመም አይደለም፤ ታውቀዋለች።

መስከረም ላይ በሰፈራቸው ሠርግ ነበር። ሴቶቹ ትልቁን ድስት ከበው ያገነፋሉ። ቀመር ቅቤ በሳህን ይዛ መጣች፤ ለምዶባት እጇን ወደ ማማሰያው ዘረጋች። አንዲት ወጣት፣ የሙሽሪት እህት፣ በፈገግታ፣ በትሕትና፣ ማማሰያውን ከእጇ ተቀበለቻት።

“እርስዎ ይረፉ እማማ። እኛ አለን አይደል?”

ማንም ክፉ አልተናገረም። ቀመር እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና፣ “እሺ፣ እሺ” ብላ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። የሠርጉ ሁሉ ማርቃ ለሠላሳ ዓመት በእሷ እጅ የተማሰለ ሴት! ዙሀይራ በሩ ላይ ቆማ አየች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ግን ዞራ ወጣች፤ ያን ለት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ተገኘች። አድማጭ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅበት የቀጥታ ዝግጅት ነበር።

“ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ተቀምጬ የሚገድለን ከምድጃችን ነው የሚወጣው ብያችሁ ነበር” ብላ ጀመረች። “ቃሏ ለጆሮ ታምር ነበር፤ ልክ ግን አልነበረችም። የለካሁት እናንተ ለእኔ ያፈላችሁትን የእንግዳ ሻይ ነው። ራሳችሁ የምትጠጡት ምን ያህል እንደሚሞቅ እስካሁን አላውቅም። የሚያቃጥል ነገር ከመጠጣት ማቀዝቀዙ ይሻላል፤ አሁንም እላለሁ። ሲጋራውንም ተዉ። ግን ‘ሚስቱ አብስላ ገደለችው’ የሚል ካለ፣ ያንን ከእኔ ጥናት አላገኘውም።”

ስልኩ ጮኸ። ገና “ሃሎ” ሲል አወቀችው።

“ከጊኒር ነው። ስሜን ታውቂዋለሽ።”

“አውቃለሁ ሐጂ።”

“ሁለት ዓመት የወንድሜን ሚስት ገዳይ ብዬ የኖርኩት ባንቺ ቃል ነው። ታዲያ ወንድሜን ምን ገደለው?”

“በሽታው። ለምን እሱን እንደያዘው ግን አላውቅም ሐጂ።”

“ሦስት ዲግሪ ይዘሽ አላውቅም?”

“ሦስት ዲግሪ ይዤ አላውቅም።”

አዘጋጁ አፉን በእጁ ያዘ። ዙሀይራ ቀጠለች፦

“አዳዳ ቀመር አይደለችም ለማለት ግን አንድም ዲግሪ አያስፈልገኝም ነበር። ቢሮዬ መጥታ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ ልላት ይገባ ነበር፤ አላልኳትም። እሷን የበደልኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም።”

መስመሩ ላይ ከብት ሲጮኽ ተሰማ፤ ገበያ መሃል ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እንግዲህ ሮቤን ታውቋት የለ? “ዶክተር፣ ዛሬስ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?” እያለ የማይቀልድባት ባለ ባጃጅ ጠፋ። ዶክተር ክብሩ ለጥቂት ሳምንት በአንገቱ ብቻ ሰላም አላት። ጥናቱን የሚደግፉት ሰዎችም ቀጣዩን ዙር አቆይተውባታል። እሷ ግን ቴርሞሜትሮቿን ለየቤቱ እያደለች፣ “እኛ ሳንኖር ራሳችሁ ለኩ” ብላ አዲስ ሥራ ጀመረች፤ ውጤቱ ገና ነው። ሐጂ መሀመድአወል ግን ድምፁ ጠፋ። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር ታከለ፤ ከጊኒር ምንም የለም። ቀመርም በሯን ዘግታ ዳቦዋን ትበላለች።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ!

ሐጂው በሯ ላይ ቆሞ ብዙ አልተናገረም አሉ። ባርኔጣውን አወለቀና፣ “ቀመር፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ኢብቲሳም ወልዳለች፤ ነይና ማርቃዋን አገንፊ” አላት። እሷም፣ “ልጁ ደህና ነው? እናቱስ?” ብላ ነው የወጣችው።

ዙሀይራ ከሥራ አቋርጣ እየሮጠች ስትደርስ አራሷ ቤት ሴት ሞልቶታል።

“ዶክተር መጣች፤ ድስቱን ደብቁ!” አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዙሀይራ አልሳቀችም። ቀመር እሳቱ ጥግ ተንበርክካ፣ ክንዷን ሰብስባ ታማስላለች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

“አዳዳ፣” አለች ዙሀይራ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ “አፉ በይኝ።”

“ሬዲዮውን ሰምቻለሁ።”

“ሬዲዮው ሳይሆን…”

“አይደለም። ሬዲዮው አይደለም የጎዳኝ።” ማማሰያው አልቆመም። “ያን ቀን ቢሮሽ የመጣሁት ልጄን ልጠይቅ ነበር። ዶክተሯ መለሰችልኝ።”

ዙሀይራ እንባዋ ወረደ፤ ለመጥረግም አፈረች።

“አፉ ብያለሁ” አለች ቀመር ከድስቱ ዓይኗን ሳታነሳ። “አፉ ብልሽም ያመኛል። አንቺንም ይመምሽ፤ ምንም አይደለም፤ እንኖራለን። አሁን ድስቱን ያዢልኝ፣ ገብሱ እየጠጠረብኝ ነው።”

ማርቃ ሲጠጥር ድስቱን የሚይዝ ሰው ከሌለ ከማማሰያው ጋር ይዞራል። ዙሀይራ ጨርቅ ጠቅልላ ሁለቱን ጆሮዎች ያዘች። ቀመር ባማሰለች ቁጥር ድስቱ ከእጇ ሊወጣ ይታገላታል።

“ጠበቅ አድርጊው እንጂ! ቁርስ አልበላሽም እንዴ?”

“አልበላሁም አዳዳ።”

“ታዲያ ለዚህ ነዋ!”

በቃ፣ ይኸው ነው፤ አሁንም እዚያው እሳቱ ጥግ እንደያዘችላት ነው። እኔ ግን ከዚህ በላይ አልቀመጥም! ጎባ ያለችው ጓደኛዬ እኅተማርያም እኮ ገና አልሰማችም፤ ስልኳም አይነሳም። ሚኒባሱ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው ይላሉ፤ ያዙልኝ፣ መጣሁ፣ ያዙልኝ በሉልኝ!